72 ቮልት ዳገት አያስወጣህም

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«አንድ አሮጌ ሚኒ ባይክ (ትንሽዬ ሞተር ሳይክል) አለኝ። የቤንዚን ሞተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ ሻንሲውና ጎማው ግን ደህና ነው። ወደ ኤሌክትሪክ ልቀይረው ነው። ጓደኛዬ ‹72 ቮልት፣ 3000 ዋት አድርገው፤ ያኔ የፈረንሳይ ዳገት ሜዳ ይሆንልሃል› ይለኛል። ባትሪውን ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ገጣጥሜ ልሠራው አስቤያለሁ፤ ካልሆነ አራት የመኪና ባትሪ። የኋላ ጎማው ላይ ዲናሞ ብገጥምበት እየሄደ ራሱን ቻርጅ ያደርጋል? እኔ 65 ኪሎ ነኝ። የምፈልገው ከቤት 4 ኪሎ ለመመላለስ ነው። የ14 ዓመት ወንድሜም ይነዳዋል። ምን ይመክሩኛል?»

ከዲናሞው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አያደርግም። የተሻለ ዲናሞ ብታገኝም አያደርግም። ጥፋቱ ግማሹ የቋንቋችን ይመስለኛል። እኛ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚዞረውንም፣ ሲያዞሩት ኤሌክትሪክ የሚሰጠውንም «ዲናሞ» ብለን ነው የምንጠራው። ስማቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ሌላውን እየመገበ እስከ ወዲያኛው የሚሄድ ይመስለናል። በልጅነትህ ጎማው ላይ እየተጠጋ የሚዞር የመብራት ዲናሞ ያለው ብስክሌት ነድተህ ከሆነ መልሱን እግርህ ያውቀዋል። ዲናሞውን ጎማው ላይ ስታስደግፈው ፔዳሉ ወዲያው ይከብድሃል። ያ ሁሉ ክብደት 3 ዋት ለምትሆን አምፖል ነው። አንተ ባትሪ ውስጥ የሚገባ 100 ዋት ከፈለግክ፣ ሞተሩ ዲናሞውን ለማዞር ብቻ 150 ዋት ያህል ከዚያው ባትሪ ይስባል። በአንድ ቀዳዳ እየቀዳህ በሌላው እያፈሰስክ ነው ማለት ነው።

ቁልቁለት ላይና ፍሬን ሲያዝ ጉልበት የሚመልስ አሠራር አለ፤ እሱን አልክድም። በአብዛኛው የሚሠራው ግን በቀጥታ ጎማው ውስጥ በተገጠመ፣ ማርሽ በሌለው ሞተር ነው። እሱም ቢሆን ከተማ ውስጥ የሚመልስልህ ካወጣኸው ከመቶ አምስት እስከ አስር እጅ ነው። ለፍሬን ሸራህ ዕድሜ ይጠቅማል። ርቀት ይጨምርልኛል ብለህ ግን ገንዘብ አታውጣበት።

አሁን ወደ ጓደኛህ ምክር። ቮልት ፍጥነት ነው። ዳገት የሚያስወጣው አምፔርና ጥርስ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርሳም ክብ ብረት) ነው። አንድ ሞተር 48 ቮልት ስትሰጠው በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ያንኑ ሞተር 72 ብትሰጠው 4500 ይዞራል። የመግፋት አቅሙን የሚወስነው ግን በውስጡ የሚያልፈው አምፔር ነው፤ እሱን የሚገድበው ደግሞ ኮንትሮለሩ፣ ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን የሚቆጣጠረው ሣጥን፣ ነው። ስለዚህ ቮልቱን ከፍ አድርገህ አምፔሩን ካልነካህ ሜዳ ላይ ትበራለህ፣ ዳገቱ ሥር ስትደርስ ግን ያው ነህ።

በቁጥር እንየው። የአንተ 65 ኪሎ እና ሚኒ ባይኩ ባትሪውን ጨምሮ 45 ኪሎ፣ በጠቅላላው 110 ኪሎ። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት አስብ። ወደ ኋላ የሚጎትትህ ክብደት 9 ኪሎ ያህል ነው። የጎማውን ሰበቃ ስትጨምርበት 11 ኪሎ ይሆናል። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ሳያቋርጥ 11 ኪሎ መግፋት አለበት ማለት ነው። ዳገቱ 12 ሜትር የሚወጣ ከሆነ 15 ኪሎ ይፈልጋል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 48 ቮልት፣ 1000 ዋት ሞተር ትንሹ ጥርሱ 11 ነው እንበል፤ የጎማው ጥርስ 66። የጎማህ ጠቅላላ ቁመት 40 ሴንቲ ከሆነ፣ ይህ ሞተር ሳይቃጠል ያለማቋረጥ መግፋት የሚችለው 9 ኪሎ ገደማ ነው። ለ11ዱ ይጎድለዋል። የኋላውን ጥርስ ከ66 ወደ 80 ብትቀይረው ግን ወደ 11 ይጠጋል። አንድ ቮልት አልጨመርክም። የቀየርከው የኋላውን ጥርሳም ብረት ብቻ ነው። የከፈልከው ዋጋ ከፍጥነት ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ 38 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድ የነበረው 31 ይሆናል። ለሚኒ ባይክ 31 በቂ ብቻ ሳይሆን ብዙ ነው።

ሞተር ዳገት ላይ የሚሞተው ጉልበት አጥቶ አይደለም፤ በሙቀት ነው። ለፍጥነት በተመረጠ ጥርስ ዳገት ሲገባ ዙሩ ይወርዳል፣ አምፔሩ ይወጣል። ሙቀቱ ደግሞ ከአምፔሩ ጋር እኩል አይሄድም። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ሽታውን አንዴ ካወቅከው አትረሳውም፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ነው፣ ጣፈጥ ያለ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚቀር። ሽታው ከመጣ ሞተሩ አልቋል። ከዚያ በፊት ማወቅ ከፈለግክ ዳገቱን እንደጨረስክ አቁመህ በእጅህ ጀርባ ሞተሩን ንካው። ሦስት ሰከንድ ማቆየት ካቃተህ ጥርሱ ለዚያ ዳገት አይሆንም።

በነገራችን ላይ በአንድ ነገር ዕድለኛ ነህ። አዲስ አበባ ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽዬዋ የቤንዚን ሞተርህ በሕይወት እያለችም ከጉልበቷ ሩብ ያህሉን ታጣ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። አዋሽ ላይ ያለው ጉልበት እንጦጦ ላይም አለው። ስሱ አየር የሚጎዳው ማቀዝቀዙን ብቻ ነው፤ እሱም ጥቂት ነው።

ያንኑ ሞተር ባለ 66 ጥርስ አድርገህ በ72 ቮልት ብትነዳው ሜዳ ላይ 57 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሄዳለህ። አሁን ቁምነገሩ ይመጣል። ሚኒ ባይክህ ፋብሪካው እንደሠራው ከሆነ ብዙ ጊዜ ፍሬኑ ኋላ ብቻ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልና ይንሸራተታል። በ38 እየሄድክ፣ አይተህ እስክትይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድብህ፣ እስክትቆም 29 ሜትር ያህል ትሄዳለህ። በ57 ከሆነ 58 ሜትር። ከፊትህ ያለው ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ተብሎ ጥግ ይዞ ሲቆም 58 ሜትር ማን ይሰጥሃል? ፊት ላይ የዲስክ ፍሬን ገጥመህ በ31 ብትሄድ 15 ሜትር ገደማ ላይ ትቆማለህ። የ40 ሴንቲ ጎማ ደግሞ ብስክሌት ዘሎት የሚያልፈው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ክዳኑ የተወሰደ ማንሆል ጋ ስትደርስ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብህ የፊት ፍሬን ላይ ይውጣ። ሞተር ሳታዝ። የፍሬን እጀታው ሲሳብ ለሞተሩ የሚሄደውን የሚቆርጥ ስዊች ያለው ዓይነት ግዛ። ኮንትሮለሩ ላይ ለእሱ የተዘጋጀ ገመድ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያገናኘው ጠቅልሎ ይተወዋል።

ባትሪው ላይ ረዘም አድርጌ ልነግርህ ነው፤ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ስለሆነ።

የላፕቶፑን ሐሳብ ተወው። ነገሩ ብልሃት ይመስላል፤ ሴሎቹ በነፃ ይገኛሉ፣ ኢንተርኔቱም «ሠራሁት» በሚል ቪዲዮ ሞልቷል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። ዳገት ለመውጣት 40 አምፔር ያህል ትፈልጋለህ። የላፕቶፕ ሴል የተሠራው ቀስ ብሎ እንዲሰጥ ነው። ዕድሜ ከጠገበ በኋላ ከአንዱ ከ2 አምፔር በላይ ባትስብ ይመረጣል። ስለዚህ 20ውን ጎን ለጎን፣ ያንን ደግሞ 13 ጊዜ በተከታታይ ታገናኛለህ። 260 ሴል። አንድ የላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ ብዙ ጊዜ 6 አለ። 44 ላፕቶፕ ሰብስብ እያልኩህ ነው፤ ያውም ሁሉም ዕድሜያቸውና ድካማቸው አንድ ዓይነት እንዲሆን ተመኝተህ።

አንድ ልጅ እኔ ጋ ያመጣውን ልንገርህ። 78 ሴል፣ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር የተጠቀለለ፣ 13 ረድፍ። «ቶሎ ያልቃል» አለኝ። ፕላስተሩን ቀድጄ መልቲሜትሩን በየረድፉ አስቀመጥኩ። 3.9፣ 3.9፣ 3.9። እስከ ዘጠነኛው። ዘጠነኛው 2.6 አለ። ጣቴን ሳስጠጋው ሞቅ ብሏል፤ ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ማንም እየነዳው አልነበረም፤ ጠረጴዛ ላይ ነው የተቀመጠው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈራ ላስረዳ። ቻርጀሩ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው፤ 54.6 ቮልት እስኪሞላ ይገፋል። አንዱ ረድፍ 3 ቮልት ላይ ከቀረ፣ የቀረውን 51.6 ሌሎቹ አሥራ ሁለቱ ይካፈሉታል። ለእያንዳንዳቸው 4.3 ይደርሳቸዋል። ጣሪያቸው 4.2 ነው። ታማሚው አንድ ነው፤ ከመጠን በላይ የሚጠጡት ግን ጤነኞቹ ናቸው። ልጁ የረድፎቹን ልክ የሚጠብቀው ካርድ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ አልገጠመም ነበር። ቻርጅ የሚያደርገው ደግሞ አልጋው ሥር ነው፤ ሌሊት። ባትሪውን አልመለስኩለትም። ተቆጣኝ፤ ይቆጣ።

የላፕቶፕ ሴል ሊቲየም ነው፤ ሊቲየም ሲነሳ እንደ እንጨት እሳት አይደለም። አንዱ ሴል ጎረቤቱን ያፈነዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ባትሪ ሲጤስ ካየህ አንስተህ ልትሸከመው አትሞክር። ሰው አውጣ፣ በሩን ክፈት፣ ራቅ። ለዚህም ነው ማንኛውንም ባትሪ፣ ጥሩውንም ቢሆን፣ መውጫ በር አጠገብ ቻርጅ አታድርግ የምለው። በር ላይ ከተነሳ በምን ትወጣለህ?

አራቱ የመኪና ባትሪስ? እንደ ሊቲየም አይነድም፣ ግን አይሆንህም። የመኪና ባትሪ ሥራው ሞተር ማስነሳት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር ሰጥቶ ወዲያው መልሶ ይሞላል። ጠፍጣፋዎቹ ስስ ናቸው፤ ደጋግመህ እስከ ሥሩ ስታወርደው ወራት ሳይቆይ ይሞታል። ክብደቱም አለ። ባለ 50 አምፔር ሰዓት የሆነው አንዱ 13፣ 14 ኪሎ ነው፤ አራቱ ከ50 ኪሎ ይበልጣሉ። አንተኑ ያህል ሌላ ሰው አዝለህ ልትወጣ ነው። ወድቀህ ደግሞ አሲዱ ሱሪህ ላይ ቢፈስ ሌላ ታሪክ ነው።

ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ተብሎ የሚሠራ፣ የተዘጋ፣ 12 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት የሊድ ባትሪ አለ። አራቱ 27 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። ኪስህ ካልቻለ እሱ ይሻልሃል፤ ግን ከ1000 ዋት በላይ በሆነ ሞተር አትሞክረው። በዝግታ ስትስበው ነው 20ውን የሚሰጥህ፤ በ30 አምፔር ስትጨምቀው በጣም ያንሳል። ነድተህ እንደጨረስክ በዚያው ቀን ሙላው። ባዶውን ሳምንት ካስቀመጥከው ጨው ይይዝና አይመለስም።

እኔ የምመርጥልህ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው። 16 ሴል በተከታታይ፣ 51.2 ቮልት፣ 30 አምፔር ሰዓት፣ 50 አምፔር የሚችል ቢኤምኤስ ያለው፣ ተሠርቶ የተዘጋ። ከሌላው ሊቲየም ከበድ ይላል፤ በቀላሉ አይነሳም፣ ብዙ ዓመትም ይቆያል። ዳገትና ቁልቁለት በበዛበት ከተማ ለአንድ ኪሎ ሜትር 25 ዋት ሰዓት ያህል ብትፈጅ እስከ ሥሩ ሳታወርደው 45፣ 50 ኪሎ ሜትር ያስኬድሃል። አንድ ነገር ግን ልብ በል። የዚህ ባትሪ ቻርጀር 58.4 ቮልት ነው። ቅድም ያየነው የ13 ረድፉ ዓይነት ቻርጀር ደግሞ 54.6። ሁለቱም ካርቶናቸው ላይ «48 ቮልት» ብለው ይሸጣሉ፣ ሶኬታቸውም ሊገጥም ይችላል። 58.4ቱን በ54.6ቱ ባትሪ ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳታነብ ቻርጀር አትዋስ፤ አታውስም።

ሽቦ ላይ ሰዎች ሲቆጥቡ አያለሁ። ከባትሪ ወደ ኮንትሮለር የሚሄደው ቢያንስ ባለ 6 (ስኩዌር ሚሊ ሜትር ውፍረት) ይሁን፤ ባለ 10 ካገኘህ ይሻላል። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሽቦ ዳገት ላይ ልባሱ ቀልጦ እርስ በርሱ ሊነካካ ይችላል። ፊውዙ ባትሪው አፍ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጥቂት ሴንቲ ሳይርቅ ይግባ፤ 50 አምፔር፣ ለቀጥታ ኤሌክትሪክ የተሠራ። ከቆጣሪ ሳጥን የተፈታ የቤት ብሬከር የሚገጥሙ አሉ። እሱ የተሠራው ለግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው። የግድግዳው በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲለያይ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። የባትሪው ግን ዜሮ የለውም። ብሬከሩ ቢለያይም በክፍተቱ መካከል እሳቱ እየነደደ ሊቀጥል ይችላል።

ባትሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰካ «ጧ» ብሎ ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። አትደንግጥ፤ ኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች በአንዴ ሲሞሉ ነው። በየቀኑ እንዲያ ካደረግክ ግን የሶኬቱ አፍ እየተበላ ይሄዳል፣ ከዚያ ይሞቃል። 100 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በኩል መጀመሪያ ለሁለት ሰከንድ አገናኝ፣ ከዚያ ዋናውን ስካ። ብልጭታውን ራሱ የሚከላከል ሶኬትም ይሸጣል።

የጋዙ እጀታ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሦስት ቀጭን ገመዶች አሉት፤ ቀይ፣ ጥቁርና ምልክት የሚያመጣው። ጥቁሩ ከተበጠሰ ኮንትሮለሩ «እስከ መጨረሻው ተከፍቷል» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ጥሩ ኮንትሮለር ያውቅበታል፣ ይዘጋል። ርካሹ አያውቅም። እኔ ላይ ደርሷል። ደግነቱ የኋላው ጎማ በድጋፍ ከመሬት ተነስቶ ነበር። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፤ ጥቁሩ ገመድ ተወጥሮ ከሶኬቱ ወጣ፤ ጎማው በአንድ ጊዜ እየጮኸ መዞር ጀመረ። እጄ ጋዙ ላይ አልነበረም። መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ ብቻውን ወደ ግድግዳ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ገመዶቹን መሪው እስከ ጥግ ሲዞር እንዳይወጠሩ አድርገህ እሰራቸው። አውራ ጣትህ የሚደርስበት ቦታ ማጥፊያ ስዊች ግጠም። የመጀመሪያውን ሙከራ ሁልጊዜ ጎማውን አንስተህ አድርግ።

ለብየዳው አጭር ነኝ። ሞተሩ የሚቀመጥበትን 5 ሚሊ ላሜራ አድርገው፤ ስስ ከሆነ ዳገት ላይ ይጠማዘዝና ሰንሰለቱ ይወጣል። ባትሪው በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ መሐል ላይ ይቀመጥ። በያጁ ሲበይድ ባትሪውም ኮንትሮለሩም ሻንሲው ላይ እንዳይኖሩ። ለክረምቱ ሶኬቶቹን አፋቸውን ወደ ታች አድርግ፤ እጥበት ቤት ግን አትውሰደው።

አሁን 4 ኪሎ። ይህን ከእቅድህ አውጣው። በቤት የተሠራ ሚኒ ባይክ ታርጋ የለውም፤ ታርጋ የሌለው ሞተር ደግሞ መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ወዲህ ሞተር ሳይክል ላይ ቁጥጥሩ ምን ያህል እንደጠበቀ አንተም ታውቃለህ። «ኤሌክትሪክ ስለሆነ ብስክሌት ነው» የሚለው ክርክር ትራፊክ ፖሊስ ፊት አያስኬድም፤ ፔዳል የለውም፣ እጀታውን ስታዞር ራሱ ይሄዳል። መወረሱ ቀላሉ ነው። ሰው ብትገጭ ኢንሹራንስ የለህም። የምትፈልገው መመላለሻ ከሆነ ይህን ሁሉ ገንዘብ አታባክን። የፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሞተር ግዛ፤ ከመክፈልህ በፊት ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ሰነዱን) እይ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከራሱ ከብረቱ ላይ አመሳክር። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነገር የሚሸጠው ብዙ ነው። ሰነድ ያለው ሁሉም አይደለም።

ወንድምህ። መንገድ ላይ፣ ሰፈር ውስጥም ቢሆን፣ አይሆንም። ሰፊ ግቢ ወይም ባለቤቱ የፈቀደው ሜዳ ካላችሁ ይችላል። ብዙ ኮንትሮለር ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ የሚል ባለ ሦስት ደረጃ ገመድ አለው። ዝቅተኛው ላይ አስረህ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳያልፍ አድርገው። ስዊቹን መሪው ላይ አታድርግለት፤ የ14 ዓመት ልጅ ስዊች ካየ ይነካል። ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ ጓንት፣ የተዘጋ ጫማ። በሰንሰለቱ ላይ መሸፈኛ ሳይኖር በፍጹም፤ የተቆረጠ ጣት አይቻለሁ።

ስለዚህ ቁርጡን ልንገርህ። ልትሠራው የምትፈልገው ለመማርና ለግቢ ከሆነ ሥራው፤ ደስ የሚል ሥራ ነው። 48 ቮልት፣ 1500 ዋት፣ ብሩሽ የሌለው ሞተር፤ 40 አምፔር ኮንትሮለር፤ 11 በ80 ጥርስ። በዚህ 15 ኪሎ ግፊት የሚፈልገውንም ዳገት ሳይጨነቅ ይወጣል። ባትሪው ከላይ ያልኩህ ይሁን። 72 ቮልቱን ለጓደኛህ ተውለት። የምትገዛበት ቅደም ተከተል ፍሬን፣ ባትሪ፣ ከዚያ ሞተር ነው። ገንዘብህ ባትሪው ላይ ካለቀ ሞተሩን ጠብቅ፤ ባትሪውን አታርክስ።

አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት ግን ጎማውን ፍታ፣ የመሪው አንገት ከሻንሲው ጋር የተበየደበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ ፈትግና በስልክህ መብራት እየው። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። ደርበህ አታስበይደው። ጠዋት ቆራሌው ሲያልፍ ጥራውና ስጠው።